ከትንሿ ዴላዌር የወጡ ታላላቅ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዲሲ ወይም ከሜሪላንድ ተነስቶ በመኪና ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ ዴላዌርን ያልፋታል። በአይ-95 አውራ ጎዳና ግማሽ ሰዓት እንኳ አትፈጅም። ቶል ይከፈላል፣ ቤንዚን ይቀዳል፣ ልጆች ሽንት ቤት ደርሰው ይመጣሉ፣ ጉዞው ይቀጥላል። ስለ ስቴቷ ሰዎች ስንጠየቅ ደግሞ አብዛኞቻችን "ጆ ባይደን" ብለን እናበቃለን። ዴላዌር ግን ከዚያ በላይ ሰው አላት። በተለይ ጥቁር ልጆቿ ስማቸው ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው። ሰው በብዛት የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዴላዌር ለመሆኑ ምን ያህል ትንሽ ናት?

በስፋት ከሮድ አይላንድ ቀጥላ የአሜሪካ ሁለተኛዋ ትንሽ ስቴት ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 154 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በጠባቡ በኩል ወርዷ ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ካውንቲዎቿ ሦስት ብቻ ናቸው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው። ዋና ከተማዋ ዶቨር ናት፤ ትልቋ ከተማ ግን ዊልሚንግተን ናት። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከሁሉ ቀድማ ዲሴምበር 7 ቀን 1787 ስላጸደቀች "የመጀመሪያዋ ስቴት" ትባላለች።

ከስፋቷ ይልቅ ልብ የሚባለው አቀማመጧ ነው። ከላይ ፊላደልፊያ፣ ከታች ባልቲሞር አሉ። በባርነት ዘመን ደግሞ ከሰሜኑ ነፃ ምድርና ከደቡቡ የባርነት ምድር መሃል ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያልፍባታል። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል፣ አንዳንዱ ጥሏት ይሄዳል። ታዋቂ ሰዎቿንም በዚህ ዓይን ካየናቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

"የዴላዌር ሰው" የሚባለው እዚያ የተወለደ ነው ወይስ እዚያ የኖረ?

ሁለቱም ይባላል። እኔም ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ግን የትኛው እንደሆነ አብሮ ቢነገር ደስ ይለኛል። ተወልደው የወጡ አሉ፣ መጥተው የቀሩ አሉ። ለምሳሌ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን መሥራች የሆኑትን ሪቻርድ አለንን እንውሰድ። የት እንደተወለዱ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። በባርነት ያደጉት ግን ዶቨር አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ነው። ነፃነታቸውንም እዚያው ሠርተው ባገኙት ገንዘብ ገዙ። ቤተ ክርስቲያናቸውን ግን ያቋቋሙት ፊላደልፊያ ነው። የሥራ ባልደረባቸው አብሳሎም ጆንስ ደግሞ በ1746 ሰሴክስ ካውንቲ ውስጥ በባርነት ተወልደው፣ በአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ቅስና የተቀበሉ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። እሳቸውም ስማቸውን የተከሉት ፊላደልፊያ ነው። ዴላዌር ያሳደገችውን ጎረቤት ሲወስድባት ይህ የመጀመሪያም የመጨረሻም አይደለም።

ጆ ባይደን ዴላዌር ነው የተወለዱት?

አይደለም። የተወለዱት በ1942 ስክራንተን፣ ፔንሲልቬንያ ነው። ቤተሰቡ ወደ ዴላዌር፣ ክሌይሞንት ወደምትባል ቦታ የመጣው በ1953 ነው። በ1972 ገና በ29 ዓመታቸው ሴናተር ሆነው ተመረጡ። በተመረጡ በስድስት ሳምንት ገደማ ባለቤታቸውና ሕፃን ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞቱ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ተርፈው ሆስፒታል ተኙ። ባይደን ቃለ መሐላ የፈጸሙት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጆቻቸው ዘንድ ለማደር ሲሉ ከዊልሚንግተን ዋሽንግተን በባቡር መመላለስ ጀመሩ። 36 ዓመት ሴናተር ሆነው ሲያገለግሉ ይህን ልማድ አልተዉም። የዊልሚንግተን ባቡር ጣቢያ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቀሪውን፣ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱንም ፕሬዚዳንትነቱንም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ቦብ ማርሌይ ዴላዌር ኖሯል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለእኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚነካን ታሪክ ይህ ነው።

እናቱ ሴዴላ ቀደም ብላ ዊልሚንግተን ገብታ ነበር። ቦብ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1966 ሪታን ኪንግስተን ውስጥ አገባ። ሠርጉ እንዳለቀ ወዲያው እናቱ ዘንድ ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ አጠራቅሞ የራሱን ሙዚቃ ማሳተም ፈልጎ ነው። በዱፖንት ኩባንያ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ሠራ። ኒዋርክ በምትባለው የዴላዌር ከተማ በነበረው የክራይስለር መኪና መገጣጠሚያም ሌሊት ተረኛ ሆኖ ሠርቷል። ዛሬ አዲስ የመጣ ሐበሻ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት እንደሚገባው ማለት ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ኤፕሪል 21 ቀን 1966 አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን አየር ማረፊያ አረፉ። ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ መሬት አይታይም ነበር። የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች እስከዛሬ ዕለቱን እንደ በዓል ያከብሩታል። ሪታ ማርሌይ መንገድ ዳር ቆማ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ሲያውለበልቡ መዳፋቸው ላይ ምልክት አየሁ ብላለች። ወደ እምነቱ ያስገባኝ ያ ነው ትላለች። ኋላ ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጃንሆይ ለዓለም ሁሉ የዘፈነው ባሏ ግን ያን ቀን አገሩ አልነበረም። ዴላዌር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጃንሆይ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ያደረጉትን ንግግር በ1976 ዜማ አልብሶ ዘፈነው። በ1978 ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔ ቆየ። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠመቀ፤ የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሲያርፍ ፍትሐቱ በዚያው ሥርዓት ተፈጸመ።

ልጁ ስቲቨን ማርሌይ የተወለደው ዊልሚንግተን ነው፣ በ1972። ስለዚህ ከማርሌይ ቤት በእርግጥም የዴላዌር ተወላጅ አለ።

ዴላዌር የባርነት ስቴት ነበረች ወይስ ነፃ?

የባርነት ስቴት ነበረች። ሲቪል ዋር ሲነሳ ከሰሜኑ ጋር ቆየች እንጂ ባርነትን አልተወችም። ባርነትን ያስቀረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንኳ ያጸደቀችው በ1901 ነው፤ በሌላው አገር ከጸና ከ35 ዓመት በኋላ። ታላላቅ ሰዎቿን ስናወሳ ይህን ደብቀን አይሆንም። ብዙዎቹን ታላቅ ያደረጋቸው ከዚህ ጋር መጋፈጣቸው ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ቶማስ ጋሬት ናቸው። ነጭ፣ የኩዌከር እምነት ተከታይ፣ ከፔንሲልቬንያ የመጡ የዊልሚንግተን ብረት ነጋዴ ነበሩ። በራሳቸው ቆጠራ 2,700 ገደማ ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን ረድተዋል። ራሷ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ታስመልጥ የነበረችው ሃሪየት ተብማን ሰዎቿን ይዛ ከሜሪላንድ ስትወጣ የምታርፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። በ1848 ፍርድ ቤት ከባድ ቅጣት ጣለባቸው፤ ሥራቸውን ግን አላቆሙም።

እኔ ግን ሳሙኤል በሪስ የሚባለውን ሰው ከጋሬት እኩል ባውቀው ብዬ እመኛለሁ፤ ሌላውም ቢያውቀው። በሪስ ነፃ ሆኖ የተወለደ የኬንት ካውንቲ ጥቁር ነው። ያመለጡትን ሌሊት ሌሊት እየመራ ወደ ሰሜን ያሻግር ነበር። በ1847 ተያዘ። ነጩ ጋሬት የተቀጡት በገንዘብ ነው። በጥቁሩ በሪስ ላይ የተፈረደው ግን ከእስራቱ በተጨማሪ እንደ ዕቃ በጨረታ እንዲሸጥ ነው። ነፃ ሰው ሌሎችን ነፃ ስላወጣ ባሪያ ይሁን ተባለ። የጨረታው ዕለት ገዢዎቹ እየዞሩ እጅ እግሩን ይመረምሩ ነበር። ከነሱ መካከል አይዛክ ፍሊንት የሚባል ሰው እንደ ባሪያ ነጋዴ ሆኖ ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ያለው ግን የፀረ ባርነት ማኅበር ያዋጣው ገንዘብ ነው። ተጫረተ፣ አሸነፈ፣ በሪስን ይዞ ወጣ፣ ለቀቀው። በሪስ ኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። የዴላዌር ስቴት አስተዳዳሪ በይፋ ምሕረት ያደረጉለት በ2015 ነው።

ከዊልሚንግተን የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጋዜጣ አሳታሚ ማን ናት?

ሜሪ አን ሻድ ኬሪ። በ1823 ከነፃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ጫማ ሠሪ ነበሩ፤ ቤታቸው ደግሞ የሸሹ ሰዎች መጠለያ ነበር። ዴላዌር ውስጥ ለጥቁር ልጅ በቂ ትምህርት ስላልነበረ ቤተሰቡ ልጆቹን ለማስተማር ሲል ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻገረ። በ1850 የሸሸን ባሪያ ማሳደድን የሚያዝ ሕግ ሲወጣ እሷ ካናዳ ገባች። በ1853 እዚያ ጋዜጣ መሠረተች። በሰሜን አሜሪካ ጋዜጣ ያሳተመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ መጣች። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ60 ዓመቷ ገደማ፣ በ1883፣ የሕግ ዲግሪዋን ያዘች። የኖረችበት ቤት ዛሬም ደብሊው ስትሪት ላይ አለ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ። የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ከሞሉበት ሠፈር በእግር የሚደረስ ነው። ክትፎ በልተን ስንወጣ በዚያ በኩል ብናልፍ ምን ይለናል?

የዴላዌር ልጆች ትምህርት ቤት በዘር መለየት እንዲያበቃ ረድተዋል የሚባለውስ?

አዎ፣ ረድተዋል። የ1954ቱ "ብራውን በትምህርት ቦርድ ላይ" የተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ መዝገብ የተጣመሩ አምስት ክሶችን ይዟል። አንዱ የዴላዌር ነው። ክሱን የያዙት ሉዊስ ሬዲንግ ናቸው፤ በ1929 የስቴቷ የመጀመሪያ ጥቁር ጠበቃ የሆኑ ሰው።

ነገሩ የጀመረው በአውቶቡስ ነው። ሆከሲን በምትባል ቦታ ነጭ ልጆችን የጫነ አውቶቡስ በየቀኑ በአንዲት ጥቁር ሕፃን ቤት በር ያልፋል። እሷን ግን አይጭንም። እናቷ አውቶቡስ ይሰጠን ብለው ወደ ሬዲንግ ሄዱ። ሬዲንግ ለጥቁር ብቻ የሚሆን አውቶቡስ አላስመጣም፣ ልጅቷን ነጮቹ ትምህርት ቤት ለማስገባት ከሆነ ግን አለሁ አሏቸው። ከአምስቱ ክሶች በታችኛው ፍርድ ቤት ጥቁሮቹ ልጆች እንዲገቡ የተፈረደላቸው በዚህ በዴላዌር ብቻ ነው። ከክሱ ትምህርት ቤቶች አንዱ የክሌይሞንት ነበር። ልጅ ጆ ባይደን ክሌይሞንት የደረሱት ጥቁር ተማሪዎች እዚያ በተቀበሉ በዓመቱ ነው።

ሳይንቲስቶችስ?

እዚህ ላይ ትንሿ ስቴት ደረቷን ነፍታ መናገር ትችላለች።

ከሁሉ የማስቀድማት አኒ ጃምፕ ካነንን ነው። በ1863 ዶቨር ተወለደች። የከዋክብትን ስም ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ከጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ሆነው ሰማዩን ያዩ ነበር። ኋላ በሕመም ምክንያት ጆሮዋ መስማት አቃተው። በ1896 ሃርቫርድ የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። ሥራው እንዲህ ነው። የከዋክብት ብርሃን በመስተዋት ሰሌዳ ላይ እየተበተነ ፎቶ ይነሳል። እያንዳንዱ ኮከብ ጥቋቁር መስመሮች ያሉበት ትንሽ ጭረት ሆኖ ይወጣል። አኒ በማጉያ መነጽር መስመሮቹን እያየች የኮከቡን ዓይነት በፊደል ትጠራለች፤ ረዳቷ ትጽፋለች። ስትፈጥን በደቂቃ ሦስት ኮከብ ትለያለች። በዕድሜዋ 350,000 ገደማ ከዋክብትን መድባለች። እሷ ያስተካከለችው ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም የተባለው ቅደም ተከተል ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ኮከብ ይሄዳል። የከዋክብት ተመራማሪዎች በ1922 ተቀበሉት፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። የኛ ፀሐይ "ጂ" ናት። ሃርቫርድ ለዚህች ሴት ቋሚ ሹመት የሰጣት በ1938 ነው፣ ከ40 ዓመት በላይ ካገለገለች በኋላ።

ዳንኤል ናታንስ በ1928 ዊልሚንግተን ተወለደ። ወላጆቹ ከሩሲያ የመጡ አይሁዳውያን ናቸው፤ እሱ ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ነው። ዲኤንኤን እንደ መቀስ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ለምርምር በማዋሉ በ1978 ከሁለት ሰዎች ጋር የሕክምና ኖቤልን ወሰደ።

ምግብ ሲያንቅ ከጀርባ አቅፎ ሆድን ወደ ላይ የመግፋትን ዘዴ ያስተዋወቀው ዶክተር ሄንሪ ሃይምሊክም የዊልሚንግተን ተወላጅ ነው። ዘዴውን ያወጣው በ1974 ነው። በ2016፣ በ96 ዓመቱ፣ በሚኖርበት የአረጋውያን ቤት አንዲት እናት ሲያንቃቸው ራሱ ተነስቶ አትርፏቸዋል። ነገር ግን ኤችአይቪን በወባ እናክም የሚለው ሐሳቡ በሐኪሞች ዘንድ ክፉኛ አስወቅሶታል። ትችቱም የሚገባው ነበር።

ናይለንና ጥይት የማይበሳው ጨርቅ የተሠሩት እዚያ ነው?

አዎ፣ ሁለቱም ዊልሚንግተን በሚገኘው የዱፖንት ምርምር ጣቢያ። ኩባንያው ከፈረንሳይ የመጣው ዱፖንት በ1802 ብራንዲዋይን ወንዝ ዳር የባሩድ ፋብሪካ ሲተክል የተጀመረ ነው። ናይለንን በ1935 የሠራው ዋላስ ካሮዘርስ የአዮዋ ሰው ነው። በከባድ ድብርት ሲሠቃይ ቆይቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ናይለን ስቶኪንግ ገበያ ሲወጣ አላየም።

ጥይት የማይበሳው ጨርቅ የሚሠራበትን ኬቭላር ያገኘችው ስቴፋኒ ኮሌክ ከፔንሲልቬንያ ናት። ሐኪም ለመሆን ገንዘብ ላጠራቅም ብላ በ1946 ዱፖንት ገባች፣ ቀረች። በ1965 ያዘጋጀችው ፈሳሽ ቀጭንና ደፍራሳ ሆነ። የተለመደው ወፍራምና ጥርት ያለ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር። ክር የሚያወጣውን ማሽን የያዘው ሠራተኛም ማሽኔን ይዘጋብኛል ብሎ እምቢ አለ። ለመነችው፣ ተስማማ። የወጣው ክር በእኩል ክብደት ከብረት አምስት እጥፍ የጠነከረ ነበር።

ከሙዚቀኞች ማንን ልስማ?

ክሊፎርድ ብራውንን። ጃዝ የምትወዱ ሁሉ ትራምፔቱን ስሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄን የሚወድ ሰው ይህን ልጅ አይጠላውም። በ1930 ዊልሚንግተን ተወለደ። የሚገርመው ኦክቶበር 30 ነው፤ ናታንስ ከሁለት ዓመት በፊት በተወለደበት ቀን፣ በዚያችው ከተማ። በዘር ምክንያት ግን አንድ ትምህርት ቤት አልዋሉም። ክሊፎርድ የተማረው ለጥቁሮች በነበረው ሃዋርድ ሃይስኩል ነው። በዘመኑ ብዙ የጃዝ ልጆች በሄሮይን ሲጠፉ እሱ መጠጥም አይወድም ነበር። በ1956 ለሥራ ሲጓዙ ሌሊት በዝናብ መኪናቸው ተገለበጠ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ተቀርጾ የቀረለት የአራት ዓመት ያህል ሥራ ነው። ከሱ በኋላ የመጡት ትራምፔት ነፊዎች ግን ዛሬም ከዚያች ሥራው ይማራሉ።

ስፖርት ላይስ?

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ኤሌና ዴሌ ዶን ትበቃለች። በ1989 ዊልሚንግተን ተወለደች። ዝነኛው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወስዷት በሁለት ቀን ጥላ ተመለሰች። ምክንያቷ ማየትም መስማትም የማትችለው እህቷ ናት፤ በስልክ ልታገኛት ስለማትችል ከሷ መራቅ አልቻለችም። ለዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች። ኋላ በ2015 እና በ2019 የሴቶች ኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። የሁለተኛውን ዓመት ዋንጫ ያነሳችው ለዲሲው ሚስቲክስ ነው።

ልጄ ለትምህርት ቤት ስለ አንድ ሰው ጻፍ ተብሏል። ማንን ይምረጥ?

ለሴት ልጅም ለወንድ ልጅም አኒ ካነንን እመክራለሁ። ከፍ ላሉት ደግሞ ሳሙኤል በሪስን፤ ክፍል ውስጥ ሌላ ልጅ የማይመርጠው ርዕስ ነው። ማሽን ለሚወድ ልጅ ኦሊቨር ኢቫንስ አለ። በ1755 ኒውፖርት፣ ዴላዌር ተወልዶ፣ እህሉ ከገባ ጀምሮ ዱቄት ሆኖ እስኪወጣ የሰው እጅ የማይነካውን ወፍጮ የሠራ ሰው ነው። የፈጠራ መብቱ በአዲሱ የአሜሪካ ሕግ ሦስተኛው ነበር።

ሄዶ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። በሚቀጥለው የኒውዮርክ ጉዞ ከአይ-95 ወጥታችሁ ዊልሚንግተን መሃል ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ወንዙ ዳር የተብማንና የጋሬት መታሰቢያ መናፈሻ አለ፤ ባቡር ጣቢያውም እዚያው ነው። የማርሌይ ቤተሰብ የኖረበት ታትናል ስትሪት አካባቢ ለእሱ መታሰቢያ የሆነች ትንሽ መናፈሻ ታገኛላችሁ። የዱፖንት አሮጌ የባሩድ ፋብሪካ ሃግሊ ሙዚየም ሆኗል፤ ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቀን ያዙለት። ሙዚቃ የምትወዱ በጋውን ጠብቁ፤ በክሊፎርድ ብራውን ስም የሚደረገው የጃዝ ፌስቲቫል መግቢያው በነፃ ነው።